ከዓሣ ነባሪው ሥር በካልሲ

አሁን በምኖርበት በግሮሩድ ሰፈር፣ ልጄን ከባርነሃገው፣ ከመዋዕለ ሕፃናቱ፣ ልወስድ ስገባ የእርጥብ ሱፍ ካልሲ ሽታ ተቀበለኝና ሳላስበው ለንደን ወሰደኝ።

ልጅ ሳለሁ እማዬ እዚያ ያለችውን አክስቴን ልትጠይቅ ይዛኝ ሄዳ ነበር። ቀዩ ባለ ፎቅ አውቶቡስ አንድ ግዙፍ ሕንፃ ፊት ለፊት አወረደን። ማማዎቹ ሰማይ ይነካሉ፣ በሩ ቅስት በቅስት ነው። እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። እማዬ አማተበች፣ ደጁን ተሳለመች፣ ዝናብ ያበሰበሰውን ጫማዋንም አወለቀች። እኔም አወለቅኩ።

ጥበቃው ፈገግ ብሎ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የተፈጥሮ ሙዚየም መሆኑን ነገረኝ።

«እማዬ፣ ሙዚየም ነው እኮ! ጫማሽን አድርጊ።»

ቀና ብላ ወደ ውስጥ አየች። ቤታችንን የሚያስንቅ የዓሣ ነባሪ አፅም ወደ እኛ የሚዋኝ መስሎ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። እማዬ አፏን በእጇ ይዛ ቆየች።

«ታዲያ ይሄን የፈጠረው ማን ሆነና?» አለችኝ። «ጫማው ይቆይ።»

ሙዚየሙን በሙሉ በካልሲ ዞርነው። ወለሉ ሲቀዘቅዝ!

ባርነሃገው በር ላይ ለወላጆች ጫማ ላይ የሚጠለቅ ሰማያዊ ላስቲክ ተቀምጧል። እኔ ግን ጫማዬን አወለቅኩና ቀና አልኩ። ልጆቹ የሠሯቸው የወረቀት ዓሣዎች ከጣሪያው ተንጠልጥለው ቀስ ብለው ይዞራሉ።