ኪስ ያለው ጡት ማስያዣ

ባለፈው ቅዳሜ ለቡ ውስጥ አዲስ የተከፈተ የሴቶች የውስጥ ልብስ መሸጫ ገብቼ፣ በልጄ ዕድሜ የምትሆን ሻጭ ሜትሯን በደረቴ ዙሪያ ስታዞር፣ እኔ ዓይኔን ጣሪያው ላይ ሰክቼ ቶሎ ባለቀልኝ እያልኩ ቆሜ ነበር። ዕድሜ ልኬን ጡት ማስያዣ የገዛሁት በዓይን ግምት ነው፤ ማንጠልጠያው ትከሻዬን ሲቆርጠኝ ኖሮ፣ ማታ ሳወልቀው ጎኔ ላይ የሚቀረውን ሰንበር ሴት ከመሆን ጋር የመጣ ዕዳ አድርጌ ተቀብዬው ነበር። ልጅቷ ግን «ከታች ሰፍቶብዎታል፣ ከላይ ደግሞ ጠቦዎታል፤ እንዴት ችለውት ኖሩ?» አለችኝና የሚሆነኝን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። እሷን ስጠብቅ መደርደሪያው ላይ የተደረደረውን ስነካካ፣ እጄ አንድ ማንጠልጠያው ሰፋ ያለ፣ ፈካ ያለ ቡናማ ቀለም ያለው ጡት ማስያዣ ላይ አረፈ። ገልበጥ ሳደርገው በውስጥ በኩል፣ ከስስ ጨርቅ የተሰፋ፣ አፉ ወደ ጎን የተከፈተ ኪስ አለው። «እሱ ጡታቸውን ኦፕራሲዮን ለሆኑ ሴቶች ነው፤ መሙያውም አብሮ አለው» አለች ልጅቷ ስትመለስ፣ ስለ ካልሲ በምታወራበት ድምፅ። ጣቴን ከኪሱ ማውጣት አቃተኝ፤ እዚያ ሽቶ በሽቶ በሆነው ሱቅ ውስጥ ጥሬ ተልባ ሸተተኝ።

እኛ ቤት ያንን ኪስ የሰፋችው እማዬ ራሷ ናት፣ ከአሮጌ ነጠላዋ ቀዳ። ያኔ ላፍቶ ገና ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነበር፤ ከጭቃ ቤታችን ኋላ ያለውን የሽቦ አጥር አልፎ የአዴ ቦንቱ ማሳ ይጀምራል። አዴ ቦንቱ ከእኛ በፊት፣ ከመንገዱም ከመብራቱም በፊት፣ ከእናት አባቷ ጀምሮ እዚያው ያረሰች ገበሬ ነበረች፤ ላሞቿ የእኛን ጎመን ይበላሉ፣ የእኛ ዶሮዎች የእሷን እህል ይለቅማሉ፣ እሷና እማዬም በዚህ ተኮራርፈው ሳያድሩ ይታረቃሉ። መስከረም ሲጠባ ከአጥሩ ማዶ ተልባው ያብብና፣ እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ያ ሁሉ ሰማያዊ ነገር እንዳለ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ ሲወርድ እናየው ነበር። ጫማችንን የበላውን የክረምት ጭቃ ይቅር የምንለው ያኔ ነው።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ እማዬ ሆስፒታል ገባች። ለመሥሪያ ቤቷም ለጎረቤቱም የተነገረው የጨጓራ ኦፕራሲዮን ነው ተብሎ ነበር። የበሽታው ስም እኛ ቤት አይጠራም፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና የሚነዳው፣ ሽፍታም ገደልም አያስፈራውም የሚባለው አባዬ እንኳ «ያ ነገር» እያለ ነበር የሚያልፈው። ስትመለስ ቀሚሷ በግራ በኩል ሜዳ ሆኗል። መራመድ የጀመረው ወንድሜ ቢኒ ሆስፒታል ሳለች ጡት ጥሎ ጡጦ ለምዶ ነበር፤ ያም ሆኖ ስታቅፈው እጁን በለመደው በኩል ይሰድና ሲያጣው ቀና ብሎ ፊቷን ያያል። እሷ ፊቷን ታዞራለች።

ይህን ሁሉ የምትደብቀው አፍራ ብቻ አልነበረም። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ ጽጌ፣ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ቀለበት አስራለች። ሙሽራውን ያሳደጉት አክስቱ እማማ ዘነበች ደግሞ ብስራተ ገብርኤል ሰፈር የታወቁ፣ ሰው ከላይ እስከ ታች ሳያጣሩ የማይዛመዱ ሴት ናቸው። ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት የእኛን አያት ቅድመ አያት አስቆጥረዋል፤ የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ አእምሮው የታወከ አለ ወይ፣ በምን በምን ሞቱ ብለው አስጠይቀዋል። አያታችን በዚሁ በጡት ሕመም እንደሞተች የሚያውቁት እማዬና ጽጌ ብቻ ነበሩ። አሁን ደግሞ ታላቅየዋን ያዛት ቢባል፣ እማማ ዘነበች «በዘር ያለ ነው» ብለው ነገሩን እንደሚያፈርሱት ሁለቱም አልተጠራጠሩም። ጽጌ ልጁን ትወደው ነበር፤ እማዬ ያለችበት ክፍል ገብታ «ይቅር፣ እነግራቸዋለሁ» ስትል፣ እማዬ «ማንም ምንም አይናገርም፣ እኔ ሙሉ ሆኜ እመጣለሁ» ስትላት በበሩ ስንጥቅ ሰምቻለሁ።

ሙሉ የሚያደርጋትን ፍለጋ ገበያ ይዛኝ ወጣች። ሳልባጅ የሚሸጡ ሴቶች ሸራ ዘርግተው ክምሩን ያፈሱበታል፤ ሴቱም ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጡት ማስያዣውን ከቀሚሱ በላይ ለክቶ ይጥለዋል። እማዬ ጡቷ ትልቅ ስለነበር የቀረላትን አንዱን ችሎ የሚሸከም፣ ባዶውንም ጎን የማያጨማድድ፣ ማንጠልጠያው ሰፊ የሆነ ነው የምትፈልገው። መሥሪያ ቤት አብራት የምትሠራ አንዲት ሴት ከኋላዋ «አስካለ» ብላ ስትጠራት ግን የያዘችውን ወርውራ የሕፃን ሹራብ አነሳችና፣ ለእኔ ጨርሶ የማይበቃኝን ሹራብ ደረቴ ላይ ለጥፋ ስለ ልኩ ታማክራት ጀመር። ሴትዮዋ ስትሄድ እማዬ ሹራቡን ጥላ እንደገና ክምሩ ውስጥ ገባች። የሚሆናትን ያገኘነው ክምሩ ሥር ድረስ ፈልፍለን ነው።

ከዚያ በኋላ መሙያው ቀረ። መጀመሪያ ጥጥ ሞላንበት፤ ጥጥ ክብደት የለውምና ታክሲ ተራ ሳትደርስ ግራው ወደ አንገቷ ወጥቶ በኩርፊያ ተመለሰች። ካልሲ ጠቅልለን ብንሞክር የተደበቀ ዳቦ መሰለ። ምስር ክብደቱ ደህና ነበር፣ ግን በተራመደች ቁጥር ይንሿሿል። እኔ ስስቅ እሷም ትስቃለች፤ በመሃል ግን ሳቋን አቋርጣ ኪሱን ትገለብጣለች። በመጨረሻ ተልባ ትዝ አላት፤ ተልባ ያንሸራትታል፣ ድምፅ የለውም፣ እጅ ላይ ሲይዙት ሥጋ ይመስል ይሞቃል። ጨጓራዋን ታማለች ስለተባለ ደግሞ ተልባ መለመን ማንንም አያስጠረጥርም። ወደ አዴ ቦንቱ ላከችኝ።

አዴ ቦንቱ ጆንያዋን ፈትታ «ለጨጓራ ከሆነ ቆልቼ ወቅጬ ልስጥሽ፣ እሷ ምን ጉልበት አላት» አለችኝ። «ጥሬውን ነው ያለችው» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያም በአጥሩ ላይ አሻግራ ገመዳችን ላይ የተሰጣውን ባለ ኪሱን ጡት ማስያዣ አየች፤ ሌላ ነገር ሳትጠይቀኝ በሰፊው ሰፈረችልኝ።

የሰርጉ ሳምንት እማዬ በየቀኑ የቁምሳጥኑ መስታወት ፊት ቆማ፣ እኔ አልጋ ላይ ተቀምጬ ዳኛ ሆንኩ። ግራው ዝቅ ብሏል፣ ቀኙ ይበልጣል እላለሁ፤ እሷ ከኪሱ ጥቂት ታወጣለች፣ ጥቂት ትጨምራለች። ተራመደች፣ ተቀመጠች፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች። ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ አቅፎ ስለሚስም እኔ እንግዳ ሆኜ ጭምቅ አድርጌ ሳምኳት፤ አልተንሸራተተም። ያልሞከርነው ጭፈራ ብቻ ነው። አልነሳም፣ ቁስሉ አልጠናልኝም እላለሁ ብላ ወስና ነበር፤ ይህ ውሳኔ ከባድ እንደነበር የሚያውቅ የእማዬን ትከሻ ያየ ሰው ነው። በሰፈራችን ከበሮ ሲመታ መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ነበረች፤ አንገቷ ቀጥ ብሎ፣ ፊቷ ኮስተር ብሎ፣ ትከሻዋ ብቻ የራሱ ነፍስ ያለው ይመስል ነበር።

ድንኳኑ ብስራተ ገብርኤል፣ እማማ ዘነበች ግቢ ተተከለ። ፀሐዩ ሸራውን አልፎ ያቃጥላል፣ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቋል። እማዬ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ከሙሽሪት ኋላ ተቀምጣለች፤ ሰው ሊያቅፋት በመጣ ቁጥር እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሁሉም ደህና እያለፈ ሳለ ከበሮው ጋል አለና «አስካለ፣ አስካለ» ማለት ተጀመረ። እጇን እያወዛወዘች እምቢ አለች። እማማ ዘነበች ከፊት ወንበራቸው ዞረው፣ ድንኳኑ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «የሙሽሪት ታላቅ ምነው? ሕመም አለባት እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ጽጌ በቬሏ ውስጥ ፊቷ አመድ መሰለ። እማዬ ነጠላዋን አውልቃ ሰጠችኝና ተነሳች።

እንደዚያን ቀን ስትጨፍር አይቻት አላውቅም፣ ግን ደግሞ አላየኋትም ማለት ይቻላል፤ እኔ የማየው ግራ ጎኗን ብቻ ነበር። አልተንቀሳቀሰም። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እማማ ዘነበች ራሳቸው አጨበጨቡ፣ እማዬም እንደ ድሮዋ ፈገግ አለች። እኔ መተንፈስ እንደጀመርኩ ቀሚሷ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ትንሽ እርጥብ ነጥብ አየሁ። በላብ ነው፤ ላቡ ወደ ኪሱ ገብቷል። ተልባ ጠጥቶ ያደገ ልጅ ሁሉ ተልባ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ያንን ሁሉ ቀን ስንለካ ስንሰፍር ግን ይህ እኔንም እሷንም ትዝ አላለንም። ነጥቡ ሰፋ፣ ከዚያም የሚያዳልጠው ነገር በስሱ ሸማ አልፎ ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

እማዬ የሰውን ዓይን ተከትላ ወደ ደረቷ አየችና ቆመች። ከበሮው ጥቂት ብቻውን ሄዶ እሱም ዝም አለ። እማማ ዘነበች ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ እሷ ሲሄዱ ጽጌ የሙሽራውን እጅ ለቀቀች። አሮጊቷ ፊት ለፊቷ ቆመው እርጥቡን ተመለከቱ፣ እጃቸውንም ወደ እሷ ዘረጉ፤ እኔ አሁን ይነኩታል፣ አሁን አለቀ ብዬ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ጨመቅኩት።

«የኔ ልጅ፣ ጡትሽ ሞልቶ ፈሰሰ እኮ» አሉ እማማ ዘነበች። «ሕፃን ቤት ትተሽ ነው የመጣሽው?»

ከኋላ በኩል፣ ከእኛ ሰፈር ለሰርጉ ከመጡት ሴቶች መሃል አዴ ቦንቱ ተነሥታ «አላት፣ አላት፤ ትንሽ ልጅ አላት፤ ከጠዋት ጀምሮ አላየችውም» አለች፤ እየተናገረች መጥታም በራሷ ጋቢ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ጠቀለለቻት። እማማ ዘነበች ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን ይዘሽ ነው እንዴ ጭፈራ? ሂጂ፣ ልጅሽን አጥቢ፤ ሰርጉ የትም አይሄድ።» ከዚያም ወደ ወገኖቻቸው ዞር ብለው፣ በኩራት፣ «ወተት ካለበት ቤት ነው የተጋባነው» አሉ። እልልታው ድንኳኑን ሊያነሳው ደረሰ።

እማዬ እስከ ላፍቶ ድረስ በታክሲ ውስጥ ጋቢውን በሁለት እጇ ጨብጣ ሄደች። ቤት ስንገባ አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ያበጠውን ኪስ አውጥታ ጭኗ ላይ ጣለችው። ከጎረቤት ልጅ ጋር ትተነው የሄድነው ቢኒ ከእንቅልፉ ተነሥቶ እየተንገዳገደ መጣና እጁን የሚያንሸራትተው ነገር ውስጥ ነክሮ ጣቱን ላሰ። ያኔ እማዬ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ እንባው ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም አልቆመም። አቅፋው እስኪመሽ ድረስ ከዚያ አልጋ አልተነሣችም።

በማግስቱ አዴ ቦንቱ ላሞቿን ስታወጣ አጥሩ ላይ አንድ ፌስታል ማሽላ አንጠለጠለችልን። «ይሄ ውሃ አይጠጣም» አለችና ሄደች። ስለዚህ ጉዳይ ለእኛ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተናገረችው ይህንኑ ብቻ ነው።

የጽጌ ትዳር ጸና። እማዬ ግን ዳግመኛ አልጨፈረችም። በየድግሱ ከበሮ ሲመታ እማማ ዘነበች ራሳቸው «ተዉአት፣ እናት ናት» እያሉ ይከላከሉላት ነበር፤ እሷም ነጠላዋን ግራ ጎኗ ላይ ደርባ ተቀምጣ ታጨበጭባለች። ሁለተኛ ደረጃ ልጨርስ ስል ያ ነገር ተመልሶ መጣ፣ በዚያው ሄደች። ለቅሶ ላይ እማማ ዘነበች ቢኒን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ «አንተን ላጥባ ብላ ከእህቷ ሰርግ፣ ከጭፈራ መሃል የተነሳች እናት ናት የሞተችብህ» ብለው ሲያለቅሱ፣ ጽጌና እኔ አዴ ቦንቱን አየናት፤ እሷም እኛን አየችን፤ ማንም አላረማቸውም። ቢኒ ከሁላችንም በላይ አለቀሰ። ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ እናቱን ሲያነሣ የሚያስቀድመው ያቺን ታሪክ ነው፤ አሁንም አልነገርነውም።

የተልባው ማሳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አዴ ቦንቱም የለችም። እኔ በየዓመቱ እመረመራለሁ፤ ውጤቱን እስኪሰጡኝ ድረስ ባለው ጊዜ አያቴንም እማዬንም አስባለሁ፣ እስካሁን ደህና ነኝ። እማዬ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ ግን አልፌ ሄጃለሁ።

ሻጯ ልጅ ኪስ ያለውን ከእጄ ተቀብላ መደርደሪያው ላይ መለሰችና የእኔን ሰጠችኝ። መጋረጃውን ዘግቼ ለበስኩት። የትም አይቆርጥም፣ የትም አያጨማድድም፤ እንደዚህ ሊሆን እንደሚችል ማንም ነግሮኝ አያውቅም። «ትከሻዎን ያንቀሳቅሱ፣ ካልተነሳ ልክዎ ነው» አለችኝ ከውጭ። መስታወቱ ፊት ቆሜ አንገቴን ቀጥ አደረግኩና ትከሻዬን ሰበቅኩ። እኛ ምስጢሩን አዳንነው፣ ያጣነው ትከሻዋን ነበር። ለእህቷ ስትል ከሰጠችው ሁሉ እሱ ይበልጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የቆጠረላት አልነበረም።

«ልክ ሆነዎት?» አለች ልጅቷ።

«ቆይ» አልኳት፤ ደግሜ ሰበቅኩት።