የትነበርሽና የፍልፈሎቹ ፊልም

የትነበርሽ ጎንደር ቁስቋም ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። በዚህ ዕድሜዋ ካርቱን ፊልም ስለምትወድ ሰፈሩ ይስቅባታል፤ እኔም ጎረቤቷ ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ። ፊልም በፍላሽ የሚጭንላት ባለሱቁ አኒስ "ይሄ እኮ የልጆች ነው፣ ጦርነት ያለበት ልጫንልሽ?" ይላታል። የልጆች ይበለው እንጂ እሷ የምትመርጠው ጨለም ያለውን ነው፤ በጎች ለተኩላ እየዘመሩ የሚሰለፉበትን ዓይነት።

"ሰው ሲተውነው ሰውዬውን እጠላና ነገሩ ያመልጠኛል" አለችኝ አንድ ቀን። "እንስሳ ሲሆን ግን አዝናለሁ። ሳዝን ደግሞ ይገባኛል።"

ምን እንደሚገባት አላጣሁትም። ታናሽ እህቷ ባንቺአየሁ ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ከኮሶዬ በላይ ካለው ተራራ፣ ራሱን "አባታችን" ብሎ የሰየመ፣ ቤተ ክርስቲያንም የማታውቀው ሰው ከሰበሰበው ማኅበር ከገባች ሦስት ዓመት ሆናት። እዚያ ስልክ የለ፣ ዘመድ የለ፤ እሱ ሳይፈቅድ አይበላም፣ አይታከምም። የትነበርሽ ለመነች፣ ተሳደበች፣ ሽማግሌ ላከች። በተናገረች ቁጥር እህቷን ይብስባታል። እኔ ብሆን በፀጉሯ ጎትቼ ነበር የማወጣት! ግን ተጎትተው የወጡትም በሳምንቱ ሲመለሱ አይተናል።

ዘንድሮ አኒስ አንድ ፊልም አመጣ። ፍልፈሎች ከመሬት በታች ይኖራሉ፤ አለቃቸው "ፀሐይ ሥጋ ታቀልጣለች" ብሎ አስተምሯቸዋል። አንዲት ፍልፈል ወጣች፣ አልቀለጠችም። ተመልሳ ስትጠራቸው ግን ቀዳዳውን የደፈኑባት ራሳቸው ናቸው። ሜዳው ላይ ብቻዋን ቆማ ፊልሙ ያልቃል። የትነበርሽ አለቀሰች፤ ከዚያ በስልኳ አስጫነችው።

ባንቺአየሁ ቅዳሜ ቅዳሜ የማኅበሩን ድንች ለመሸጥ ኮሶዬ መንገድ ዳር ትወርዳለች። አብረን ሄድን። እኔ ድንች የምመርጥ መስዬ ጎንበስ አልኩ። የትነበርሽ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ቃል ሳትናገር ስልኩን ሰጠቻት። ባንቺአየሁ ግራ ቀኝ አየችና በነጠላዋ ከልላ እስከ መጨረሻው ተመለከተች።

"ምስኪኖች! ልክ የከተማ ሰው" አለች። "ብርሃኑማ እኛ ዘንድ ነው። ቀዳዳውን የምትደፍኑት እናንተ ናችሁ።"

የትነበርሽ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም በሆዴ አኒስንም ፍልፈሎቹንም ረገምኩ። የትነበርሽ ስልኩን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ ባንቺአየሁ አልለቅ አለቻት።

"እታለም፣ ይቺ የወጣችዋ ግን የት አደረች?"

ፊልሙ ይህን አያሳይም። የትነበርሽም በዚያ ሁሉ ልመናዋ የሰውዬውን ክፋት ስታወራ ኖረች እንጂ ስለ ማደሪያ ተናግራ አታውቅም። እኔም ብሆን አስቤው አላውቅም።

"እኔ ዘንድ" አለች የትነበርሽ። "ክፍልሽ እንደነበረ አለ።"

አንድ ሹፌር መኪናውን አቁሞ ድንች ሲጠይቅ ባንቺአየሁ ስልኩን መልሳ ልትመዝንለት ተነሣች።

ክፍሉ ግን እንደነበረ አልነበረም። አምና ለአንድ መምህር ተከራይቷል። ጎንደር ስንገባ የትነበርሽ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ የመምህሩን በር አንኳኳች።

"ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ሌላ ቤት ፈልግ" አለችው።

"ምነው? ምን አጠፋሁ?"

"አንተማ ምንም አላጠፋህም። እኔ ነኝ ዋሽቼ የመጣሁት፤ እህቴ ሳትመጣ እውነት ላድርገው።"