ለተመራጩ ያልጠረግነው መንገድ

ባለፈው ሳምንት አሶሳ ገበያ ዳር፣ አንዲት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ ማንጎ እመርጥ ነበር። የምትሸጠው ሴት ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፤ ከጉልበቷ በላይ ግን ደረቅ ነው። ዝናብ የመታው ሰው እንዲህ አይርስም። ወንዝ ተሻግራ እንደመጣች ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከሱቁ ውስጥ ሬዲዮ የምርጫ ክርክር ያሰማል። አንዱ ተወዳዳሪ «ሕዝባችንን ዝቅ ብለን እናገለግላለን» ሲል ሴትዮዋ ቀና ብላ ባለሱቁን «ምን ያህል ዝቅ? እስከ ጉልበት?» አለችው። ባለሱቁ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ ለቅቆኝ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት በመንደራችን ወንዝ ዳር ያሳለፍነው አንድ ቀን መጣብኝ።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤት የተመለስሁበት ጊዜ ነበር። ወሩ ሰኔ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። የረገፈው ማንጎ በየጓሮው ፈልቶ ይሸት እንደነበር ስለማስታውስ ከሐምሌ አያልፍም። መንደራችን ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ከሚወስደው መንገድ ገንጠል ብሎ ይገኛል። ወላጆቻችን በደርግ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩበት በመሆኑ ስም ሳይሆን ቁጥር ነበረው። ከአጥራችን ቀጥሎ ከእኛ በፊት የነበሩት የበርታ ጎረቤቶቻችን ይኖራሉ። በመንደሩና በዋናው መንገድ መካከል አንዲት ወንዝ አለች። በበጋ ልጆች ይዘሏታል፤ ክረምት ሲገባ ማንጎው ወዲህ፣ ገበያውና ሐኪሙ ወዲያ ማዶ ይቀራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳችንን መናገር አለብኝ። ከመንግሥት ቤት ሰው ይመጣል በተባለ ቁጥር መንደሩ በዋዜማው አካፋና መጥረቢያ ይዞ ይወጣ ነበር። ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ መሻገሪያው ይሞላል፤ በላዩ ቀርከሃ ይረበረባል፤ ቀርከሃውም አፈር ይለብሳል። በማግሥቱ የእንግዳው መኪና ሳይንገጫገጭ ያልፋል። ከዚያ አንድ ደህና ዝናብ ሲጥል ወንዟ ሁሉንም ጠራርጋ ትወስደዋለች። ይህን እንደ ሞኝነት የሚቆጥር አልነበረም። እንግዳ እንዴት እግሩን ያርሳል? በዚህ ጉዳይ የበርታ ሽማግሌዎችና የእኛ አባቶች አንድ ነበሩ።

በዚያ ዓመት የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሽ እንድሪስ እንደተለመደው ሕዝቡን ከዛፍ ሥር ሰበሰበ። የምክር ቤት ተመራጫችን ከነገ በስቲያ እንደሚመጡ፣ ነገ ማለዳ ሁሉም ለመንገድ ሥራ እንዲወጣ፣ ፍየል ከእትዬ ሐዋ ቤት እንደሚታረድ፣ የእንኳን ደህና መጡ ንግግሩን ደግሞ እኔ እንደማሰማ ተናገረ። እትዬ ሐዋ የበርታ ጎረቤታችንና የእናቴ ባልንጀራ ነበረች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ብላ ትጠራለች፤ ሐሳቧን ግን አታባክንም።

«ፍየሉ ይታረዳል» አለች። «መንገዱ አይሠራም።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አላት ጋሽ እንድሪስ።

ሆዷ ገፍቶ ከእናቴ አጠገብ ወደተቀመጠችው ታላቅ እህቴ ጠቆመች። «ዘውዴ ወሩ ገብቷል። ወንዙ ሲሞላ እሱ የት ይወልዳል? አምና የወንድሜ ሚስት እዚያ ዳር ምጥ ይዞት አደረ፤ ልጁ ሞተ። ተመራጩ ይህን ወንዝ አንድ ቀን አይቷል? እኛ ድልድይ ሠርተን እናሳልፈዋለን፤ ከዚያ ድልድይ ስጠን እንለዋለን። ወላሂ እኛ እብድ ነን።»

ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ተነሣ። ጋሽ እንድሪስ ግን አልሳቀም። «ፀረ ልማት ትባያለሽ ሐዋ!»

«ልባል። እሱ ያማል እንዴ? የሚያም ምጥ ነው።»

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አንተ እንዳትናገር፤ ትምህርትህን አስብ» አለኝ። በማግሥቱ ማለዳ ጋሽ እንድሪስ ቤት ለቤት ዞረ። የአንዱ ወገብ ተይዟል፤ የሌላው በሬ ጠፍቷል፤ የመንደሩ አካፋ በሙሉ በአንድ ሌሊት እጀታው ተሰብሯል። ያን ዕለት ወደ ወንዙ የወረደ ሰው ቢኖር ውሃ የሚቀዳ ብቻ ነበር።

ተመራጩ በመጡበት ቀን ሁላችንም የክት ልብሳችንን ለብሰን በወንዙ ዳር ተሰለፍን። ከኋላችን የፍየሉ ወጥ፣ የማሽላ ገንፎና ባሚያ ይሸታል። እኩለ ቀን ገደማ ሁለት ነጭ መኪኖች ማዶ ደርሰው ቆሙ። ሾፌሩ ወርዶ ውሃውን በእንጨት ለካና ራሱን ነቀነቀ። ተመራጩ ሜጋፎን ይዘው ወረዱ። የእኛው አካባቢ ልጅ ናቸው፤ ስማቸውን ግን አልጠራም።

«የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች! ጥያቄዎቻችሁን በሙሉ ተቀብለናል!»

ገና ማንም ምንም አልጠየቀም ነበር። በእኛ በኩል ሜጋፎን አልነበረም። እትዬ ሐዋ ጀርባዬን ገፋ አድርጋ «አንተ የተማርከው፣ ጩኽ!» አለችኝ። ያጠናሁት ንግግር ከአእምሮዬ ብን ብሎ ጠፋ። አባቴን ላለማየት ፊቴን መልሼ «ውሃው ከጉልበት ብዙም አያልፍም! ምሳውም እኛም እዚህ ነን! ተሻገሩ!» ብዬ ጮኽሁ።

«መንገዱ ለምን አልተዘጋጀም?»

«መንገዱ ይኸው ነው!» አለች እትዬ ሐዋ ከጎኔ። «ክረምት ሁሉ ይኸው ነው!»

አብሯቸው የመጣው የወረዳ ሹም ክንዳቸውን ይዞ ወደ መኪናው ሲያሳያቸው አየሁ። ከእኛ ወገን አንድ ጎረምሳ «ወጡ ይቀዘቅዛል!» ብሎ ተጣራ። ተመራጩ ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብል ውሸት ነው። በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁና ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ሹሙም ተከተላቸው። እኔ ጥቁሩን ጫማ ከፍ አድርገው ሲይዙት ይታየኛል፤ እህቴ ግን እስከ ዛሬ ከነጫማቸው ነው የተሻገሩት ትላለች። መካከል ላይ አዳለጣቸውና ሁለት ወጣቶች ሮጠው ያዟቸው። አልሳቅንም፤ ስቀን ከነበረም ቶሎ ተውነው።

ምሳ ከተበላ በኋላ ተመራጩ ሱሪያቸው እንደራሰ ተነሡ። ተቆጥተው ነበር። «እኔ በየዓመቱ መጥቻለሁ» አሉ። «በየዓመቱ በመኪና ገብቼ በመኪና ወጥቻለሁ። ምክር ቤት ቆሜ መንገድ የላቸውም ብል ማን ያምነኛል? እኔስ ራሴ በምን ልወቅ?»

እውነት ስለሆነ አመመን። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ እንድሪስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለክብርዎ ብለን ነው» አለ።

እትዬ ሐዋ አልተቀመጠችም። «ክብሩ ለእንግዳ ነው» አለች። «አንተን መርጠን ላክንህ እንጂ መቼ ጋብዘን ጠራንህ?»

ይህችን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እጠራጠራለሁ። ለሐዋ አማርኛ በጣም የተቃናች ናት። ዘውዴ በስልክ ስጠይቃት «መጀመሪያ በበርታኛ ነው የተናገረችው፤ ከዚያ በአማርኛ ደገመችው» አለችኝ። ምናልባት ባለፉት ዓመታት ቃላቱን ያስተካከልሁት እኔ ነኝ። ሐሳቡ ግን የእሷ ነው፤ ያን ጊዜ ይህን ለማለት የሚያስችል ድፍረትም ሆነ ብስለት አልነበረኝም።

ተመራጩ «ዘንድሮ ድልድይ ማምጣት አልችልም። ቃል ብገባ እዋሻችኋለሁ» አሉ።

«ድልድዩን ከርሞ አምጣ። ዛሬ መኪናውን ስጠን። ዘውዴ አሶሳ አክስት አለው። እዚያ ሆኖ ይወልዳል።»

«የመንግሥት መኪና ነው እኮ» አለ የወረዳው ሹም።

«እኛስ የማን ነን?»

ተመራጩ ሹሙን እንዲተው በእጃቸው ምልክት ሰጡት። «ትሂድ» አሉ።

ዘውዴን በቀርከሃ አልጋ ላይ አስተኝተን ለአራት ተሸከምናት። እኔ ከፊት ነበርሁ። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ድንጋዩ የሚያሟልጭ ነው፤ እሷም ከላያችን ሆና «ጣሉኝና እዩ! ብትጥሉኝ እዚሁ ወልጄ እናንተን ነው የማሳዝላችሁ!» እያለች ትሳደባለች፤ ድምፅዋ ይሳቅ ያልቅስ አይለይም። ተመራጩ የአልጋውን ጠርዝ ይዘው አብረውን መሻገራቸውን ዘውዴ ትምላለች። እኔ ፊት ፊቴን ስለማይ ኋላዬን አላየሁም። ስለዚያ ቀን እርግጡን ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ያየሁት የፊተኛውን ወንበር ለእሷ ለቅቀው ከኋላ ተጣብበው ሲቀመጡ ነው።

ምጡ ከባድ ነበር። ሐኪሙ መንደር ብትሆን ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር ማለቱን አክስታችን ነገረችን። ሁለቱም ተረፉ። ድልድዩ ብዙ ክረምት ዘገየ፤ ሲሠራም ሪባኑን የቆረጠው ሌላ ተመራጭ ነው። እስከዚያው ግን መንደራችን ለማንም ተመራጭ መሻገሪያውን አልሞላም። በጫማም በባዶ እግርም ተሻገሩ፤ ከማዶ የተመለሱም ነበሩ፤ የተመለሱትን በምርጫ ቀን አስታወስናቸው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ተመራጮች በእርግጥ ለተራው ሰው ይሠራሉ ወይ እያልን ብዙ ተከራክረናል። መጻሕፍት እየጠቀስን ተሸናንፈናል። ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ የማስበው እነዚያን መጻሕፍት ይዤ አይደለም። ማዶ ቆሞ ያልቀረበ ጥያቄ የተቀበለውና ወዲህ ተሻግሮ ወንበሩን የለቀቀው ያው አንድ ሰው ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ከጉልበት ብዙም የማያልፍ ውሃ ሲሆን፣ እሱንም ለዓመታት የደበቅንለት እኛው ነበርን። ደግነት ከላይ እስኪወርድ መጠበቅ ያን ቀን አበቃልኝ።

አሁን የምኖረው አሶሳ ነው። አንዳንድ ማለዳ የቀበሌ መልእክተኛ በሬን አንኳኩቶ «መምህር፣ ነገ ትልቅ ሰው በዚህ ያልፋል፤ ደጅዎ ላይ ያለውን ጉድጓድ ይድፈኑልን» ይለኛል። እንግዳ ነው ወይስ እኛ የመረጥነው ብዬ እጠይቀዋለሁ። እንግዳ ከሆነ ወዲያው ወጥቼ እደፍነዋለሁ። የመረጥነው ከሆነ ጉድጓዱ ይቆየዋል።