መርማሪዋና አናጢው

የመነጽር ቤቱ ሠራተኞች «መርማሪዋ» ይሏታል። በጠባቧ ክፍል መብራት አደብዝዛ፣ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄኛው?» እያለች የሰው ዓይን ስትለካ ትውላለች። የሰው ነገር ይገርማል! ዓይኑን ሊያስለካ መጥቶ ፈተና የተቀመጠ ይመስለዋል። ወረፋ እየጠበቀ በተከፈተው በር ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ሸምድዶ የሚገባ አለ። እሷ ግን በድምፁ ታውቀዋለች፤ እያየ የሚያነብ ሰው ጠርጠር፣ ቆም ይላል፤ የሸመደደው እንደ ውኃ ይወርዳል። ያኔ ፈገግ ብላ፣ «እስቲ ከቀኝ ወደ ግራ ያንብቡልኝ» ትላለች።

ማታ ነጩን ጋውን ስትሰቅል ጠባይዋ አብሮ አይሰቀልም። አብሯት ሻይ የጠጣ ወንድ ሁሉ ይጠየቃል። አንዱማ «ፖሊስ ጣቢያ የገባሁ መሰለኝ» ብሎ በዚያው ቀረ። ታላቅ እህቷ ይህን ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች።

«አንቺ ልጅ፣ ወንድ በጥያቄ ይያዛል እንዴ? ዝም ብለሽ ሳቂለት!»

«እስቃለሁ እኮ፣ እትዬ። ግን ከማላውቀው ሰው ጋር ምን ያስቀኛል?»

አሁን ግን ነገሩ ከበዳት፤ አንድ አናጢ ወዳለች። ከወንድሙ ጋር በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ይሠራል፤ የትም ሲገባ ወንበሩን ነቅነቅ አድርጎ ሳይፈትሽ አይቀመጥም።

አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠው ጠየቀችው።

«ልጅ ትወዳለህ?»

«በጣም!»

«ሚስትህ ሥራ ውላ ብታመሽስ?»

«እኮራባታለሁ!»

«ትቆጣለህ?»

«እኔ? በጭራሽ!»

እንደ ውኃ ወረደ። ሰውየው እሷን ለማስደሰት ሸምድዶ መጥቷል። ዝም ብትል ይቆይላታል፤ ብትጠይቀው ሊሄድባት ይችላል። ብርጭቆዋን ገፋ አደረገች።

«ከወንድምህ ጋር መጨረሻ የተጣላችሁት በምንድን ነው?»

አናጢው ጠርጠር፣ ቆም አለ።

«ትናንት ነው» አለ በመጨረሻ። «የሠራውን ጠረጴዛ ደንበኛ ፊት አጣጣልኩበት። አኩርፎኛል።»

«ለምን አጣጣልክበት?»

«እንጃ… ከእኔ ሥራ በልጦ ነዋ!» ጆሮው ድረስ ቀላ። «በቃ፣ ዛሬስ አበላሸሁት።»

ተነስቶ ጃኬቱን አነሳ።

«ልትሄድ ነው?»

«ወንድሜ ሥራ ቤቱን ሳይዘጋ ይቅርታ ልበለው። እንዲህ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።» ጃኬቱን እጁ ላይ እያጠፈ ቆመ። «አብረሽኝ ትመጫለሽ? ብቻዬን ፈራሁ።»

አንገቷን ቀና አድርጋ አብራው ወጣች። እንዲያ ኮርታ አታውቅም፤ ይህን ሰው ያገኘችው ራሷን ሳትደብቅ ነው። መንገዱን ሲሻገሩ፣

«ጠረጴዛው ምን ይመስላል?» አለችው።

እሱም መሀል አስፋልት ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ማሳየት ጀመረ።