የዛገው ፒክአፔ

አትክልት ተራ ጭነት ሲያልቅ ተሸካሚው የመኪናውን ጎን በመዳፉ ደብደብ ያደርጋል፤ ሾፌሩ ያንን ሲሰማ ሞተር አስነስቶ ይሄዳል። ባለፈው ክረምት አንዱ ተሸካሚ የኔን አሮጌ ፒክአፕ እንደ ልማዱ ሲመታ ቆርቆሮው ተበሳና እጁ እስከ አንጓው ጠለቀ። ለካ ከጎመኑና ከቲማቲሙ የሚንጠባጠበው ውሃ የጭነቱን ሳጥን ከውስጥ ሲበላው ከርሟል። ደግነቱ እጁን አልቆረጠውም።

«እህቴ፣ ይሄ መኪና ነው ብስኩት?» አለኝ። አካባቢው በሙሉ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኩት። ባለጋራዡ ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ «በስቱኮ ደፍነን ቀለም እንቀባዋለን፤ ከዚያ ሽጪው። ማንም አያውቅም» አለ።

ደሜ ፈላ። «እኔስ? እኔ ማንም አይደለሁም?» አልኩት። «ደግሞ ስቱኮ ጎመን ይሸከማል? የዛገውን ቆርጠህ ጣልና ወፍራም ላሜራ በይድልኝ።»

«ለዚህ አሮጌ?»

«አዎ፣ ለዚህ አሮጌ!»

እያጉረመረመ በየደው። ብየዳው እንደ ቁስል ጠባሳ አብጦ ቀረ፤ ላስተካክለው ሲለኝ እምቢ አልኩ። የዝገት መከላከያውን ቀለም ራሴ ቀባሁትና ወደ ገበያዬ ተመለስኩ።

ያው ተሸካሚ ግራጫውን ጥጋን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ። ጎመኑን ጭኖ ሲጨርስ፣ ሰው እያየለት፣ እጁን ወደ ኋላ ሰብቆ ባለ በሌለ ኃይሉ መታው።

«ወይኔ እጄን!»

በመስኮት ብቅ አልኩ። «ምነው፣ ብስኩቱ ጠነከረብህ?» አልኩትና ሞተር አስነስቼ ሄድኩ።