ሁሉም ሃያ ይተነፍሳል

ሲስተር ሐፍሳን ለማናደድ ብዙ አያስፈልግም። አንድ ተማሪ ተነስቶ «ሾክ ማለት» ብሎ የደም ዝውውር መድከምን ትርጉም በእንግሊዝኛ እንደ ዳዊት ይድገምላት፤ በቃ። እስኪጨርስ ጥርሷን ነክሳ ትሰማዋለች። ከዚያ፣ «ደግ። አሁን እናትህን ጓዳ ውስጥ ወድቃ አገኘሃት እንበል። መጀመሪያ ምኗን ታያለህ?» ትለዋለች። ልጁ የታደለውን ሃንድአውት ያገላብጣል። እዚያ ላይ እናቱ የለችማ።

ሚዛን ተፈሪ ባለ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ ፓቶፊዚዮሎጂ ማስተማር ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ስሙ አፍ ያስራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው ትላለች። በሽታው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል? ሰውነትስ በተራው ምን ይመልስለታል? መልሶ መልሶ ሲደክመውስ? ይኸው ነው ትምህርቱ። ተማሪው ግን ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ከፈተና ክፍል ሲወጣ እዚያው በር ላይ አራግፎት ይሄዳል። ይሄ ነው አንጀቷን የሚያሳርራት።

ንዴቱ ከሜዳ የመጣ እንዳይመስላችሁ። አባቷ ሚዛን ገበያ ዳር ጨውና ቆርቆሮ የሚሸጡ የስልጤ ሰው ነበሩ። ሱቁን ትረከበኛለች ሲሉ ነርስ ሆና አረፈችውና ማጂ ውስጥ ቱም ጤና ጣቢያ ተመደበች። እዚያ የነበረው አንድ የደም ግፊት መለኪያ ተበላሽቶ ሰባት ወር ሙሉ የሚጠግነው ጠፋ። ደብዳቤ ብትጽፍ፣ ወረዳ ድረስ ብትመላለስ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። ስለዚህ በእጇና በዓይኗ መሥራት ያዘች። የእጅ ሰዓቷን እያየች የልብ ምት ትቆጥራለች። ደረት ሲነሳና ሲወርድ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ጥፍር ተጭና ደሙ ቶሎ ይመለስ አይመለስ እንደሆነ ታያለች። ከማጂ ቁልቁለት በቃሬዛ ከወረዱት ሴቶች ስንቱን እንዲያ ለይታ እንዳተረፈች ራሷም አታውቀውም።

አሁን ተማሪዎቿ ቁልፉን ሲጫኑት ጢጥ ብሎ የግፊቱን ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ማሽን አላቸው። ቁጥሩን ይጽፋሉ። ሰውየውን አያዩትም።

ኅዳር ላይ፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ አሥራ ሁለት ተማሪዎቿን ለተግባር ልምምድ ሸኮ አካባቢ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ይዛ ወረደች። የጤና ጣቢያውን ስም እንተወው። ያን ሰሞን ቅጥር ግቢው በለቃሚ ይጨናነቃል፤ ወባ ያንቀጠቀጠው፣ እጁን የቆረጠው፣ ከግንድ ላይ የወደቀው፣ ሁሉም እዚያ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ተማሪዎቹ የሞሏቸውን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ቆልላ ማገላበጥ ጀመረች።

ትንፋሽ፣ ሃያ። ቀጣዩ፣ ትንፋሽ ሃያ። ባለወባው ሃያ፣ ሳንባ ምች የያዘው ሃያ፣ አስም የሚያፍናት አሮጊት ሃያ። አንድ የሦስት ወር ሕፃንም ሃያ።

«የሦስት ወር ሕፃን ሃያ ከተነፈሰ ሊሞት ነው ማለት ነው» አለች ቀና ብላ። «የታለ ሕፃኑ?»

«ደህና ነው ሲስተር፤ እናቱ ይዛው ሄደች» አለ አንዱ ተማሪ።

«ታዲያ የማንን ትንፋሽ ነው የጻፋችሁት? የኔን?»

እሳት ጎርሳ ካርዶቹን ማገላበጥ ቀጠለች። አንዱ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከፈለኝ፣ ዕድሜ ሃያ ስድስት፣ ቡና ለቃሚ። ጠዋት ሲለቅም የረገጠው ግንድ ከድቶት ወድቋል፤ ግራ ጎኑን ጉቶ መትቶታል። ሦስት ሰዓት ላይ ገባ። ግፊት መቶ አሥር በሰባ። የልብ ምት ሰማንያ። ትንፋሽ ሃያ። ማስታገሻ ተሰጥቶት ይጠብቅ። የተፈረመው በሎሚ ነው፤ ሎሚ እዚያው ሸኮ ተወልዳ ያደገች፣ ሊመረቁ ስድስት ወር ከቀራቸው ተማሪዎች መሀል አንደኛ የምትወጣው ልጅ ናት።

«ይሄ ሰውዬ የት ነው ያለው?» አለች ሐፍሳ።

ሰውየው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሚስቱ ፋና ትከሻዋን ሰጥታዋለች። ሐፍሳ ፊቱ ላይ ጎንበስ አለች። ከንፈሩ ደርቋል፣ አፍንጫው እየተነፋ ነው፣ እጁ ቀዝቅዞ ላብ ለብሷል። የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ገለጥ ብታደርግ ቀይ ነገር የለበትም። ጥፍሩን ተጫነችው፤ ደሙ እንደ ባለዕዳ እየተጎተተ መጣ። ሰዓቷን ይዛ አንድ ደቂቃ ቆጠረች። ትንፋሹ ሠላሳ ስድስት። ምቱ መቶ ሠላሳ ሁለት። ማሽኑን አምጥተው ግፊቱን ለኩት፤ መቶ አምስት በሰባ።

«ይኸው ደህና ነው እኮ ሲስተር» አለች ሎሚ ቀስ ብላ።

ሐፍሳ ወደ ሚስቱ ዞረች። «ወባ ታሞ ያውቃል?» ብላ ፋናን ጠየቀቻት።

«እዚህ አገር ከመጣን ሦስቴ» አለች ፋና።

ሐፍሳ ሰውየውን አስተኝታ ግራ ጎኑን ከጎድኑ ሥር ዳሰሰችው። ጮኸ። የክንዱን ደም ሥር ፈልጋ የሳላይን ፈሳሽ እየሰካች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለተማሪዎቹ ተናገረች። ሲብስባት ነው ድምጿ የሚወርደው።

«ስሙ። ወባ ሲመላለስበት ጣፊያው አብጧል። የወባውን ደም የሚያጣራው እሱ ነውና ይወጠራል፤ ሽፋኑ ይሳሳል። እንደዚህ ያለውን ጣፊያ ትንሽ ምት ይበቃዋል። አሁን ሆዱ ውስጥ እየደማ ነው። ደሙ ሲጎድል ሰውነት ገበናውን ይሸፍናል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ የእጅና የእግር ደም ሥሮች ጠበው ደሙን ለአንጎልና ለልብ ይለቁላቸዋል። ይቺን ግፊት ደግፈው ያቆሟት እነሱ ናቸው። ግፊቱ ሲወርድ ያኔ ደጋፊው ሁሉ አልቆበታል። ግፊቱ እስኪወርድ የጠበቀ ሰው ሬሳ እየጠበቀ ነው።»

የጤና ጣቢያው ኃላፊ በላይነህ ከሐፍሳ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ሰው ነው። ቢሮው ስትገባ ስልክ እያወራ ነበር፤ እስኪጨርስ አልጠበቀችውም።

«በላይነህ፣ አምቡላንሱን አስነሳልኝ። ሆዱ ውስጥ የሚደማ ሰው አለኝ፤ ሚዛን ደርሶ መቀደድ አለበት።»

በላይነህ ካርዱን ተቀብሎ አየው። «ግፊቱ ደህና ነው። ምቱ ሰማንያ። ትንፋሹም ሃያ ነው። ያለችኝ አንድ አምቡላንስ ናት፤ ሁለት ወላድ ምጥ ላይ ናቸው። ይሄን ሰው በዚህ ካርድ ብልክ ምን እባላለሁ?»

«ትንፋሹ አልተቆጠረም! አሁን ቆጥሬዋለሁ፣ ሠላሳ ስድስት ነው።»

«የጻፈችው ያንቺ ተማሪ አይደለችም እንዴ? ጎበዝ ናት ብለሽ ትናንት ያስተዋወቅሽኝ? ታዲያ የትኛውን ልመን?»

«ዓይንህን እመን! ና ተነስና እየው።»

በላይነህ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት የሚፈራ ሰው ነው። ወጥቶ አየውና፣ እስቲ ፈሳሹ ይግባለትና ግፊቱን በየአሥር ደቂቃው እንለካው አለ። ሐፍሳ ለመነችው፣ ተሳደበችው፣ እንደገና ለመነችው። መንገድ ወጥታ መኪና ልታስቆም ሞከረች፤ ያለፉት ሁለት አይሱዙዎች ቡና ጭነው ስለነበር አልቆሙላትም። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ማሽኑ ሰማንያ በአርባ ሲል በላይነህ ራሱ ሮጦ ሾፌሩን ጠራው። ሐፍሳ አብራ ልትሳፈር ብትል አንድ ባለሙያ ነው የሚሸኘው፣ እሱም የጤና ጣቢያው ነርስ ነው ተባለ። ፋና ከባሏ እግር ሥር ተቀምጣ ሄደች።

አምቡላንሱ አቧራውን አስነስቶ ከዓይን ሲሰወር ሐፍሳ ሎሚን ይዛት ወደ ካርድ ክፍሉ ገባች። በሩን ዘጋችው።

«ሃያ ብለሽ የጻፍሽው ቆጥረሽ ነው?»

«አይደለም ሲስተር።»

«ምቱንስ?»

«አይደለም።»

«ማነው እንዲህ ያስተማረሽ? ንገሪኝ። ሂጄ ዓይኑን ልየው።»

ሎሚ ቀና አለች። «እርስዎ ነዎት ሲስተር።»

«ምን አልሽ?»

«አምና፣ መለማመጃ ክፍል። ሰማንያ አራት ነበርን፤ የግድግዳው ሰዓት ባትሪ አልነበረውም። አንድ ሰው ላይ ቆጥረው አሳዩን። ከዚያ ክፍሉን ሌላ መምህር ይፈልገዋል ተባለና፣ የቀረውን የትንፋሽ ቁጥር ሃያ እያላችሁ ሙሉትና አስረክቡ፣ ጊዜ የለንም አሉን። ሞልተን አስረከብን። ሙሉ ነጥብ ሰጡን።»

ሐፍሳ ለመካድ አፏን ከፈተች። ግን አስታወሰችው። ባትሪው ያለቀውን ሰዓት፣ በር ላይ ቆሞ የሚያጉረመርመውን መምህር፣ ቤቷ ወስዳ ቡና እየጠጣች ያረመቻቸውን ሰማንያ አራት ወረቀቶች። ሰማንያ አራት ሃያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የራይት ምልክት አድርጋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው ስትቆጣ ኖራ አሁን ቁጣዋን የምታሳርፍበት አጣች። ልጅቷን ልትመታት ፈልጋ ነበር፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ አምቡላንሱ ተመለሰ። ሳይጮህ፣ ሳይቸኩል ነው የገባው። ከፈለኝ ሚዛን ሳይደርስ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ አርፏል።

ፋና ከመኪናው ሳትወርድ በላይነህ ሐፍሳን ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት። ካርዱ በእጁ ነው።

«ስሚኝ። ካርዱ ንጹሕ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉ ነገሩ ልክ ነበር፤ ከዚያ ድንገት ተበላሸበት። እንዲህ ዓይነት ነገር ያጋጥማል። የአሁኑን በሌላ ወረቀት ጽፈን እናያይዘዋለን። ልጅቷ ስድስት ወር ነው የቀራት፤ ከትምህርቷ ትባረር? አንቺስ ከሥራሽ? ለኔም ለሁላችንም የሚበጀው ይሄ ነው።»

አልተሳሳተም፤ ካርዱ ንጹሕ ነበር። ሐፍሳ ሃያ የሚለውን ደግማ አነበበችው። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። የሎሚን አባት ታውቃቸዋለች፤ ልጃቸውን ለማስተማር ከቡና ማሳቸው ግማሹን ሽጠዋል። ዝምታ በጣም ቀላል ሆኖ ታያት።

ፋና ወርዳ መጣች። አታለቅስም። ነጠላዋ የባሏ ላብ እንዳለበት ነው።

«ድንገት ነው?» አለች። «ሰዉ ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ድንገት ነው ልበል?»

«ድንገት ነው እህቴ» አለ በላይነህ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«ድንገት አይደለም» አለች ሐፍሳ።

በላይነህ ዞሮ አያት። እሷ ግን ፋናን ነበር የምታየው። «ስትመጡ ጀምሮ እየደማ ነበር። ከግፊቱ በፊት ትንፋሹ ይናገር ነበር። ያኔውኑ ብንቆጥረው ኖሮ ሦስት ሰዓት ላይ ትሄዱ ነበር፤ ሚዛንም በሕይወት ይደርስ ይሆናል። አልቆጠርንም። ሳይቆጠር ነው ሃያ ተብሎ የተጻፈው። እንዲህ ጻፉ ብዬ ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ።»

ፋና ትጮኻለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ ምናልባትም ፊቷ ላይ ትተፋባታለች ብላ ጠበቀች። ፋና አንዱንም አላደረገችም።

«እኔ እኮ ቆጥሬው ነበር» አለች።

«ምን?»

«ትንፋሹን። ጀርባዬን ተደግፎ ስንመጣ ይሰማኝ ነበር። በኔ አንድ እሱ ሁለት ይተነፍሳል። ለዚህች ልጅ ነገርኳት።» በአገጯ ሎሚን አሳየቻት። «ትንፋሹ ልክ አይደለም፣ ቁጠሪለት አልኳት። ማሽኑን አሳየችኝ። ተማሪ ናት፣ ታውቃለች ብዬ ዝም አልኩ።»

ሎሚ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። ከተማሪዎቹ አንዷ ልታነሳት ጎንበስ ብትል ሐፍሳ በእጇ ከለከለቻት።

ካርዱን ከበላይነህ እጅ ወሰደችው። ሃያ የሚለውን ሳትደልዘው፣ እንዲነበብ አድርጋ በአንድ መስመር ሰረዘችውና ከጎኑ «አልተቆጠረም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሙሉ ስሟን አስፍራ ፈረመች። ከዚያ ካርዱንና እስክሪብቶውን ይዛ ሎሚ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሰጠቻት። ሎሚ ተቀብላ ካርዱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦ «ሚስቱ ነግራኝ ነበር።»