ከማልያው ሥር የነበረው ጋዜጣ

የመስኮት መስታወት በጋዜጣ መወልወል የተማርኩት ከእናቴ ነው። ዛሬ ሱቁ ሁሉ በጠርሙስ የታሸገ ፈሳሽ ሞልቶት እያለ እንኳ እኔ አሮጌ ጋዜጣ በኮምጣጤ ውሃ ነክሬ ነው የምወለውለው። ባለፈው እሑድ ጠዋት እንደ ልማዴ አስመራ ጥራቮሎ ሰፈር ያለውን የቤታችንን መስኮት ሳሽ፣ ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶች ተከታትለው ወደ ከተማው ዳር ሲያልፉ አየሁ፤ ሁሉም እስከ አንገት የሚዘጋ፣ ንፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ለብሰዋል። እጄ ላይ ያለው ጋዜጣ ረጥቦ ቀለሙ ጣቶቼን አጥቁሯቸው ነበር። እርጥብ ጋዜጣ የራሱ ሽታ አለው፤ ለእኔ ያ ሽታ የአባቴ ነው።

አባቴ መካኒክ ነበር። ስድስት ቀን የሰው መኪና ሥር ተኝቶ ይውልና ሰባተኛውን ቀን ብስክሌቱ ላይ ይወጣል፤ እናቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እሱ ወደ መንገዱ ይሄዳል፣ እሷም ለሁለታቸውም መጸለዩን ለምዳዋለች። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ይሁን ወይም እኔ መውጫ መግቢያ ስላሳጣሁት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ጋራዥ ውስጥ ከተጣሉ ብረቶች አንድ ብስክሌት ገጣጥሞ ሰጠኝ። የፊቱ ጎማ ከኋላው ትንሽ ያንስ ስለነበር ሜዳ ላይ ስነዳ እንኳ ቁልቁል የምወርድ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቶቻችን ሴት ልጅ በብስክሌት መታየቷን ጥቂት ሳምንት አምተው ሲደክማቸው ተዉት።

እሑድ ጠዋት ከአስመራ ወደ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ የእኛ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም። በሥራ ቀን የጭነት መኪና የሚርመሰመስበት አስፋልት በዚያ ሰዓት ተጠርጎ እንደተዘጋ ሳሎን ባዶ ነው፤ ከባሕር ዛፉ የሚንጠባጠበው ጤዛ መሬቱን ሲመታ ይሰማል፣ ከገደሉ ሥር የሚያስል ሰው ይሰማል፣ ፔዳሉን መምታት ስናቆም ደግሞ የኋላው ጎማ ጢጥ ጢጥ እያለ ይከተለናል። ግራና ቀኙ በለስ ነው፣ ከበለሱ በታች ጉም ነው፣ ከጉሙ በታች ባሕር አለ ይሉ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ሆኜ አይቼው አላውቅም። ቁልቁለቱ ላይ ያለችው መንደር ዓርባሮባ እስክንደርስ አንድ መኪና ብቻ የምናገኝበት ቀን ነበር፣ ያን ጊዜ ሾፌሩም ሰው በማየቱ ደስ ብሎት ጥሩምባ ይነፋልናል። አባቴ ይህን ጸጥታ ለምን እንደሚወደው የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «እዚህ ማንም ምንም አይጠይቀኝም» አለኝ።

ሰው የሚጠየቅበት ዘመን ነበርና። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አገራችን የንጉሠ ነገሥቱ አንድ ጠቅላይ ግዛት ከሆነች ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ሰማያዊው ባንዲራችን ወርዷል፣ ትምህርታችን በአማርኛ ሆኗል፣ አባቴ የሚሠራበት ጋራዥ ግድግዳ ላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ቤታችን ውስጥ አልተሰቀለም። አባቴ ስለዚህ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ሰው ወሬውን ሲጀምር እሱ ስለ ብስክሌት ካቴና ዘይት ማውራት ይጀምራል። እኔ ግን አማርኛን ወድጄው ነበር፣ በክፍላችንም በአማርኛ የሚቀድመኝ አልነበረም። አባቴ ከትግርኛና ከጋራዥ ጣልያንኛ ሌላ ቋንቋ አያውቅም፤ ፊደሉ አንድ ስለሆነ ግን መጽሐፌን ተቀብሎ እንደ ዳዊት ያነበንብና፣ ትርጉሙን እንድነግረው ቀና ብሎ ያየኛል። ስነግረው ደስ ይለው ነበር።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት የማንዘለው ሥርዓት ነበረን። እስከ ከተማው ዳር ስንነዳ ያላበን ላብ ቁልቁለቱ ላይ በረዶ ስለሚሆን፣ የአስመራ ብስክሌተኛ ሁሉ እዚያ ቆሞ ጋዜጣ አጣጥፎ ከማልያው ሥር ደረቱ ላይ ይከታል። አባቴ በዚህ ጉዳይ ሊቅ ነኝ ባይ ነበር። ጋዜጣው የጣልያንኛ መሆን አለበት፣ ገጹ ሰፊ ነው፤ የትናንት መሆን አለበት፣ የዛሬው ቀለሙ አልደረቀም፤ የስፖርቱ ገጽ ወደ ውስጥ መሆን አለበት፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰፈራችን ያለው የቡና ቤት ባለቤት በየቅዳሜው የተነበበውን ያስቀምጥለታል። የትናንት ቢሆንም በላብ ሲርስ ቀለሙ ስለሚለቅ፣ አባቴ ቤት ገብቶ ማልያውን ሲያወልቅ ዜናው ተገልብጦ ደረቱ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ እናቴ በሳሙና እየፈተገችው «የሰው ባል ጋዜጣ ያነባል፣ የኔ ባል ይለብሳል» ትላለች፣ እኔ ደግሞ በመስታወት ላነበው እሞክራለሁ።

የእኔ ጭንቀት ግን መውረዱ አልነበረም። ከዓርባሮባ ሻሂ ጠጥተን ስንመለስ አንድ የማይዘለቅ ዳገት አለ፤ እዚያ ኩርባ ላይ ስደርስ እግሬ ይከዳኛል፣ ያን ጊዜ አባቴ ከጎኔ ተጠግቶ በአንድ እጁ ብስክሌቱን ይዞ በሌላው መዳፉ ጀርባዬን ይገፋል። «ኣጆኺ ጓለይ» ይለኛል፣ አይዞሽ ልጄ ማለቱ ነው። መዳፉ ሰፊና ሞቃት ነበር፤ እኔ ግን እጠላው ነበር። አንድ ቀን ያለዚያ እጅ ጫፍ ድረስ ወጥቼ እሱ ዞሮ አይቶ «ብራቫ»፣ ጎበዝ፣ እንዲለኝ ነበር ምኞቴ፤ ይህን ቃል ውድድር ላሸነፈ ሰው፣ አንዴ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አልነሳ ብሎ ላስቸገረው ሞተር ሲለው ሰምቼዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የቤታችንን ደረጃ እየሮጥኩ እወጣና እወርድ ነበር።

አንድ ዓመት የዘውድ በዓል ሰሞን ቡና ቤቱ ተዘግቶ አባቴ ባዶ እጁን መጣ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ አስተማሪያችን አንብባችሁ ኑ ብሎ ያደለን የበዓሉ የአማርኛ ጋዜጣ ነበረኝ፤ የፊቱ ገጽ ከዳር እስከ ዳር የጃንሆይ ምስል ነው። ለእኔ ጋዜጣ ጋዜጣ ነበር። ከከተማው ዳር ስንደርስ ራሴ አጣጥፌ ምስሉን ወደ ውስጥ አድርጌ ከማልያው ሥር ከተትኩለት፣ እሱም ሳያየው ጉሙን እያየ ወረደ።

ዓርባሮባ መግቢያ ያለው ኬላ ላይ ሌላ ጊዜ ወታደሮቹ በእጃቸው እለፉ ይሉን ነበር። በዚያ ቀን የማናውቃቸው አዳዲስ ወታደሮች ቆመዋል፤ ያኔ የተከለከለ ወረቀት በልብስ ሥር ይዘዋወራል ይባል ስለነበር የአባቴ ያበጠ ደረት አላማራቸውም። «ምንድነው እሱ? አውጣው!» አለ አንዱ። አባቴ አወጣው። ጋዜጣው በላብ ርሶ ተጨማዷል፣ የጃንሆይ ጢም ወደ አንድ ጆሯቸው ተንሸራቷል። ወታደሩ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጃንሆይን የላብ መጥረጊያ አደረግሃቸው?»

አባቴ ምንም አልገባውም፣ የወታደሩን እጅ ብቻ ያያል። ሌላኛው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አፌ ለአስተማሪዬ መልስ እንደምሰጥ ሆኖ ተከፈተ። «የለም ጌታዬ፣ አባቴ ጃንሆይን በጣም ይወዳቸዋል። በዓላቸው ስለሆነ በልቤ ላይ ይዣቸው ልዋል ብሎ ነው» አልኩ።

ሁለቱ ተያዩ። «እንዲያ ከሆነማ ይሳማቸውና ይለፍ» አለ ባለ ጠመንጃው፣ በከፊል እየሳቀ። ለአባቴ በትግርኛ ነገርኩት። ወታደሮቹን አላየም፣ እኔን ነበር የሚያየው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጋዜጣውን ሳመ። ወታደሩ በክብር አጣጥፎ በገዛ እጁ ማልያው ውስጥ መልሶ ከተተለትና ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ልጅ፣ አማርኛሽ እንዴት ያምራል!» አለኝ። ደስ አለኝ። ይህን ዛሬም አልደብቅም፤ አባቴ እዚያው አጠገቤ ቆሞ እያለ እኔ በውዳሴው ደስ አለኝ።

ሻሂ አልጠጣንም። አባቴ ብስክሌቱን አዙሮ ከፊቴ መውጣት ጀመረ። ኩርባው ጋ ስደርስ እግሬ እንደ ልማዱ ሊከዳኝ ሲል መዳፉን ጠበቅሁ፤ እሱ ግን ሃምሳ እርምጃ ያህል ቀድሞኝ ነበር፣ ወደ ኋላም አልዞረም። ጫፍ ላይ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሞ አገኘሁት። «እንታይ ኢልክዮ?» አለኝ፣ ምን አልሽው? በልቡ ላይ ይዞ ሊውል ነው እንዳልኩ ነገርኩት። «ጽቡቕ» አለኝ፣ ጥሩ ማለቱ ነው፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ቤት ስንገባ እናቴ ሳሙናዋን ይዛ ብትጠብቀው ተቀብሏት ጓዳ ገባና በሩን ዘጋ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማን ነበር። እናቴ ምን ሆኖ ነው ብላ ብትጠይቀኝ አላውቅም አልኩ፤ በዚያ ቀን ሁለተኛው ውሸቴ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ጉልበቱን እንዳመመው ተናገረ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ብስክሌቱ መጋዘን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። መጽሐፌንም ተቀብሎ ማነብነቡን ተወ። ወዲያው ኬላው በዛ፣ መንገዱም ተፈራ፤ ስለዚህ ማንም ምክንያቱን አልጠየቀውም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ይህን የምጽፈው ያን ቀን በተመሰገንኩበት ቋንቋ ነው፤ ሌላው ቢጠፋኝ እሱ አልጠፋኝም። ያኔ ሌላ ምን ማለት እችል እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤ መልስ አላገኘሁም፣ ዝም ብል ይወስዱት ነበር። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ዳገት በዚያ ቀን ከታች እስከ ጫፍ ከብስክሌቴ ሳልወርድ፣ ሳላርፍ፣ ማንም ሳይገፋኝ ወጥቼዋለሁ። አባቴ አላየም፤ እኔም አልነገርኩትም።